ያጠፋኸው ፖስት የት ሄደ?

ጎበዝ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ራሴንም ጨምሬ። ወደ መንግሥት ሌላ ቀን እንመለስበታለን፣ እሱ የትም አይሄድም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም ደረሰኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ጠፍታለች ይላል። ፎቶ አለው። ቢጫ ሹራብ ለብሳ ትስቃለች፣ ከሥሯ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። «የወለዳችሁ፣ ሼር ሳታደርጉ እንዳታልፉ» ይላል። ሆዴ ተላወሰ። ለእድራችን ግሩፕ፣ ለዘመድ ግሩፕ፣ ለድሮ የክፍል ጓደኞቼ ላክሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ማታ ላይ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተገኝታ ይሆን ብዬ ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ በደከመ ድምፅ «ተገኝታለች ወንድሜ፤ ከተገኘች ዓመት ከሰባት ወሯ ነው፤ በማርያም አትላኩት» አለችኝ።

ብዙ ሰው ይደውልልሻል ወይ አልኳት። አንዳንድ ቀን ስልኩን እንደምታጠፋው ነገረችኝ። ሌሊት ደውሎ «ልጅሽ እኔ ጋ ናት፣ ብር ላኪ» ያላትም አለ፤ ልጇ አጠገቧ ተኝታ። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅቷን «የጠፋችው» ነው የሚሏት።

ልብ በሉልኝ፣ ማስታወቂያው ውሸት አልነበረም። ልጅቷ እውነትም ጠፍታ ነበር፣ በማግሥቱም ተገኘች። መጥፋቷን አገር ሙሉ ሼር አደረገው። መገኘቷን ማን ሼር ያድርገው? ደስ ይላል ብሎ አንብቦ ማለፍ ነው እንጂ!

ነገሬም እዚህ ላይ ነው። ድሮ ጋዜጠኛ ይሠራው የነበረውን ሥራ እኛ ወስደናል። ግን የወሰድነው ግማሹን ነው። ማውጣቱን አንስተን፣ ማረሙን እዚያው ጥለነው መጣን።

«እርማት» የምትባለውን የጋዜጣ ሳጥን የምታስታውሱ አላችሁ? «ባለፈው እትማችን በገጽ 3 ላይ እንዲህ ተብሎ የወጣው፣ እንዲህ ተብሎ ይነበብልን» የምትለዋን? አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን መንገድ ዳር ተደርድረን የምናነብበት ጊዜ ነበር። አብዛኞቻችን የምንከራየው ለሥራ ማስታወቂያው ነው። አዟሪው ዓይኑን ከእኛ ላይ አይነቅልም፣ ቶሎ ጨርሱ ይላል፣ አንዱ ጋዜጣ አምስትና ስድስት ሰው እጅ ገብቶ ጠርዙ ጠቁሮ ይመለሳል። እኔ ያኔ በዚያች ሳጥን እስቅ ነበር። የአንድ ሰው የአባት ስም ተሳስቷል ብሎ ሳጥን! ቦታ ማባከን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሙያው ያለው እሷ ውስጥ ነበር። ስሙ የታወቀ፣ አድራሻው የታወቀ ሰው፣ በዚያው ጋዜጣ፣ ለዚያው አንባቢ «ተሳስቻለሁ» ይላል። ያ ጋዜጣ በሌላው ነገር የፈለገውን ያህል ይዋሽ (ይዋሹ ነበር፣ አላጣሁትም)፣ ቢያንስ ቢሮው ሄዳችሁ የምትጮኹበት ሰው ነበረው።

እኛስ? እኛ እናጠፋለን። ሁለት ሺህ ሰው ሼር ካደረገው በኋላ ድምፃችንን አጥፍተን ፖስቱን እናነሳዋለን፣ በማግሥቱ ምንም እንዳልተፈጠረ በሌላ «ሰበር ዜና» እንመጣለን። ፖስቱ የጠፋው ግን ከእኛ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት አባቶቻችን ስክሪንሾት የሚባል ነገር ሳያውቁ ነው።

አሁን አንዳችሁ «አንተ ደግሞ የማን ጠበቃ ነህ፣ ያለ ስልካችን ምን እናውቅ ነበር?» ልትሉኝ ነው። ልክ ናችሁ። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ፣ ኢሬቻ በዓል ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ ሰው በስልኩ የቀረጸውን ባናይ ኖሮ የምንሰማው መግለጫ ብቻ ነበር። በ2004 ቤሩት፣ ቆንስላችን በር ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ እህታችን ተጎትታ መኪና ውስጥ ስትጣል አንድ ሰው ባይቀርጽ፣ ማን ሊያምናት? ዞን ዘጠኝ የሚባሉት ጦማሪዎች «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ብለው ሲጽፉ ሚያዝያ 2006 ላይ ተለቅመው ገብተዋል። ይሄንን ነገር ሰው እስር ቤት ገብቶበታል። ለዚህ ነው ስታቀልሉት የሚያናድደኝ።

ጋዜጠኛውስ ቢሆን የት አለ? እሱ ደግሞ እኛን እየተከተለ ነው። የሰሜኑ ጦርነት መጀመሩን ጥቅምት 2013 ሌሊት ብዙዎቻችን ያወቅነው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የፌስቡክ ገጽ ነው። ባለሥልጣኑ በገጹ ይጽፋል፣ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ማታ ያነብልናል። አንድ ዘጋቢ ጓደኛ አለኝ። አንድ ወሬ ላጣራ ብሎ ሦስት ቦታ ሲደውል አለቃው ስልኩን እያሳየው «ቴሌግራም ላይ ከወጣ እኮ ሁለት ሰዓት አለፈው፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» አለው። ወሬው ስሕተት ነበር። ጓደኛዬ አጣርቶ ሲመለስ ግን የራሱ ጣቢያ አውጥቶት አገኘው። አያችሁ ዙሩን? እኛ ከሰው ሰምተን እንጽፋለን፣ ጣቢያው ከእኛ ይወስዳል፣ እኛ ደግሞ «በቴሌቪዥን ተነገረ እኮ!» ብለን መልሰን ሼር እናደርጋለን። የት ተጀመረ ብትል ማንም አያውቅም።

«እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ጋዜጠኛ አይደለሁም» የምትለዋን ማምለጫም ተውዋት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ ያነበባችሁ ስንት ናችሁ? ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ሕጉ ያንን ገጽ ከሬዲዮና ከጋዜጣ እኩል ነው ያስቀመጠው። ሕጉን ላወድስ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ሕግ ማን እጅ ላይ ሲገባ ማን ላይ እንደሚያርፍ እናውቃለን። ግን እዩት፣ መንግሥት እንኳ ጋዜጣ መሆናችሁን ቆጥሮ ይዞታል። ያላመናችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ቀልዱም አለው፣ አልክድም። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፍለጋ የተራኮትነው በማን ዜና ነበር? እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ የፌጦ ብልቃጥ አላት።

ግን ቀልድ ያልሆነውም አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ2014 መስከረም መጨረሻ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው፣ የሚሠሩበትም ቦታ፣ ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ልጃቸው ይነሳልኝ ብሎ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ኩባንያው የራሱን መልስ ይስጥ፤ ፍርድ ቤት አለለት። እኔ የምጠይቀው ላይክ ያደረገውን ነው። ከሥሩ «አድራሻውን አውጡት» እያለ የሚጽፈውን ነው። ያ ሰው ዛሬ የት ነው? ሚስቱን እየወደደ፣ ሥራ እየገባ፣ ሌላ ፎቶ ሼር እያደረገ ነው። ኮሜንቱን አጥፍቶታል።

ዲሲ፣ ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተንም አልዘልም። ያገር ቤቱ ሰው ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ስለ እሱ የጮኻችሁት እናንተ ናችሁ፣ ውለታ ነው። ግን ባሕር ማዶ ሶፋ ላይ ሆናችሁ «እገሌ ሰፈር ገቡ፣ ውጡ!» ብላችሁ ላይቭ ስትገቡ፣ እገሌ ሰፈር የእኔ አክስት ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ በሌሊት ትወጣለች። ማንም አልገባም ነበር። እናንተም ይቅርታ አላላችሁም፤ ቪዲዮው ላይ አዲስ ርዕስ ለጥፋችሁበት አገኘሁት።

ኧረ ተው! ጋዜጠኛ ሁኑ አልልም፣ ኮሌጅ ግቡም አልልም። የተሳሳታችሁትን አታጥፉት፣ እዚያው ላይ ጻፉበት። «ይሄ ስሕተት ነበር፣ ትክክሉ ይሄ ነው» በሉ፣ በዚያው ገጽ፣ ለዚያው ግሩፕ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል። ፎቶ ስትልኩ የተነሳበትን ቀን ጻፉበት። ቀኑን ካላወቃችሁት ምኑን ላካችሁት? የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ደውሉ፤ የምትደውሉለት ቁጥር እኮ እዚያው ላይ አለ። ሳይደውል ሼር የሚያደርግ ሰው ልጅቷን እየፈለገ አይመስለኝም።

እኔ ያን ማታ ሦስቱም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «ልጅቷ ተገኝታለች፣ ሳላጣራ በመላኬ ይቅርታ» አልኩ። የእድሩ ጸሐፊ አውራ ጣት አስቀመጠልኝ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «እሰይ! ዛሬ ነው የተገኘችው?» ብሎ ጠየቀ። ከዘመድ ግሩፕ ማንም አልመለሰልኝም፣ ግማሹ ማስታወቂያውን ወደየራሱ ግሩፕ አሻግሮት ጨርሷል።

ትናንት ማታ የአጎቴ ልጅ ከሪያድ ላከችልኝ። ያው ቢጫ ሹራብ። አሁን ደግሞ በቀይ ጽሑፍ «ለ10 ግሩፕ ያልላከ» ተብሎ እርግማን ተጨምሮበታል። ሥራ ላይ እንደምትሆን እያወቅሁ ደወልኩላት። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ብላ ደንግጣ አነሳች። የለም፣ አልኳት፤ አሁን የላክሽላቸውን በሙሉ አንድ በአንድ ቁጠሪልኝ።