የካርቶን ዋጋ

ሃያ ዓመት ያለፈው የአውሮፓ መኪና በአሮጌ ዋጋ ይሸጣል፤ መለዋወጫው ግን ዕድሜውን አይቆጥርለትም። ከባለጸጋ ቤት ተወልዶ ወደ ደመወዝተኛ ቤት ቢወርድም አመሉን አልተወም። ይህ ነገር ለአዲሱ ጌታው በደንብ የሚገባው ሾክ አብዞርበሩ፣ ማለት በየጎማው አጠገብ ሆኖ የመኪናውን ዝላይ የሚያበርደው ዕቃ፣ ያለቀ ዕለት ነው።

ማለቁን ማመን ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፣ ባትሪ ሲሞት ሞተር አይነሣም። ሾክ አብዞርበር ግን ጨዋ ነው፤ ማንንም ሳያስቸግር ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ባለቤቱም አብሮ ይለምደዋል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው በአፍንጫው ይደፋል፣ ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ይሰግዳል፣ ጎማው ቦታ ቦታ እየመረጠ ይበላል። ባለቤቱ ግን "የአውሮፓ መኪና ምቾቱ ይህ ነው፤ ይንሳፈፋል" ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ መስኮት ከፍቶ አየር እየፈለገ ስለሆነ ለመቃወም አቅም የለውም።

ከዚያ አማካሪዎች ይመጣሉ። አንዱ የመኪናውን ጥግ በሁለት እጁ ተጭኖ ይለቅቃል፤ ሌላው "እንደዚያ አይደለም" ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ሦስተኛው ተንበርክኮ በጣቱ ዘይት ይነካና ያሸታል። ስስ የዘይት ወዝ ብዙ አያሳስብም፤ ወርዶ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ምርመራው አብቅቷል። ሦስቱም በዚህ ይስማማሉ። የሚጣሉት ምን ይገዛ በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው የኦሪጂናል አማኝ ነው። የመኪናው ፋብሪካ አርማ ያላረፈበት ካርቶን ዓይኑን አይሞላም። መኪና ሠሪው ሾክ አብዞርበሩን ብዙውን ጊዜ ራሱ እንደማይሠራው ቢነግሩት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በ1895 የተመሠረተው የጀርመኑ ዛክስ ለስንት መኪና አምራች ሲያቀርብ ኖሯል፤ ቢልሽታይንም በ1957 በጋዝ ግፊት የሚሠራውን ባለ አንድ ቱቦ ሾክ አብዞርበር ለመርሴዲስ ቤንዝ በብዛት ማምረት ጀምሯል። የዚያው አምራች ዕቃ በአምራቹ በራሱ ካርቶን ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል። እኔን ብትጠይቁኝ የድሃ መንገድ ይህ ነው፤ የጃፓኑ ካያባና የአሜሪካው ሞንሮም አያሳፍሩም። አማኙ ግን የመርሴዲስን ኮከብ ካርቶኑ ላይ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ኮከቡ ደግሞ መኪናው ሥር ገብቶ ጭቃ ይለብሳል።

ሁለተኛው "ሁሉም አንድ ነው፣ ዘይት የሞላ ብረት ነው" ባይ ነው። ግማሽ እውነት አለው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾክ አብዞርበሩ ሥራ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳዎች እየገፋ የሞላውን ዝላይ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ነገር ግን ቁጠባ የሚደረገው እዚያው ቀዳዳዎቹና ዘይት ማገጃው ጎሚኒ ላይ ነው፤ ካርቶኑማ ያማረ ነው።

ሦስተኛውን እወደዋለሁ። "ከፈረሰ መኪና የተፈታ ግዛ፤ አሮጌ ቢሆንም ኦሪጂናል ነው" ይላል። ያለቀውን አውጥቶ፣ በዚያው ዓመት ተመርቶ በሌላ ሰው ጉድጓድ ያለቀውን መክተት ማለት ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር የጉድጓዱ ባለቤት ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ቀይር የሚለውም የዚሁ ሰው ዘመድ ነው፤ ግራው አዲስ፣ ቀኙ አሮጌ ሆኖ መኪናው በየጉብታው የራሱን ሐሳብ ይዞ እንዲሄድ ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል ለመኪናው የሚገጥመው ዕቃ የሚለይበትን የሻንሲ ቁጥር ያነሣ የለም። በአምስተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ የፊተኛው ሾክ አብዞርበር ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነም 55 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ፤ መኪናዎቹን ጎን ለጎን አቁሞ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። ተከራክሮ ዋጋ ያስቀነሰ ጀግና አምስት ሚሊ ሜትር መቀነስ ያቅተዋል። ሾክ አብዞርበሩ ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበት መቀመጫ፣ የአቧራ መከላከያውና የመጨረሻው ማቆሚያ ጎሚኒም "አሮጌው ይበቃል" ተብለው ይመለሳሉ፤ መቀመጫው ካለቀ ግን ያው ኳኳታ አዲስ ሾክ አብዞርበር ይዞ ይቀጥላል።

ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ነገሩ በመካኒኩ ቁልፍ ላይ ይወድቃል። ጎሚኒ ያለበት የታችኛው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው ክብደቱ በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ እግሩ እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ጎንበስ ማለት የማይወደው መካኒክ ግን መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ አጥብቆ እጁን ይጠርጋል። ኳኳታው ሲመለስም ጥፋተኛው በካርቶኑ ላይ ይፈለጋል። "የማን ምርት ነው ያልከኝ?" ይላል መካኒኩ። የኦሪጂናሉ አማኝ አጠገቡ ቆሟል፤ ስለ ቡሎኑ የሚያውቀው ነገር የለም፣ "ነግሬው ነበር እኮ" ለማለት ግን ቀድሞ ደርሷል።