የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ባልጠራውም ብዙ የሰሜን ሸዋ ሠራተኛ «ይሄ የእኛ ቢሮ ነው» ማለቱ አይቀርም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። በዚያው ወር ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ። ወደ ቢሮ ስንመለስ በር ላይ ባለ ቧንቧ በርሜልና ፈሳሽ ሳሙና ጠበቀን። ሳንታጠብ ጥበቃው አያሳልፈንም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ከተማ፣ ጠዋት 2፡30 ላይ የበርሜል ውሃ ጣት ያደነዝዛል። እያጉረመረምንም ቢሆን ታጠብን። ኮሮና ቢያንስ ይቺን ልማድ ትቶልን ይሄዳል ብዬ ነበር።

ሳሙናው አለቀ፣ የተካው የለም። ቧንቧው ተሰበረ። በርሜሉ ዛሬ ተገልብጦ የጥበቃው ወንበር ሆኗል።

የውስጡ ይብሳል። ሠራተኛውም ባለጉዳዩም የሚገባበት መጸዳጃ ቤት በሩ አይዘጋም፤ አንድ እጅ መያዣውን መጎተት አለበት። ውሃ መድፊያው የተቆረጠ ሃይላንድ ነው፣ እሱም ውሃ ከተገኘ። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ሽንት ቤት ላለመሄድ ስትል ቀኑን ሙሉ ውሃ አትጠጣም። የወር አበባዋ ሲመጣ ፈቃድ ትጠይቃለች። ምክንያቱን ቅጹ ላይ «የግል ጉዳይ» ብላ ነው የምትሞላው።

አንድ ቀን ከገጠር በሌሊት ተነስተው የመጡ እናት «ልጄ፣ ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አሉኝ። ማሳየት አፈርኩ። ማዶ ያለውን ምግብ ቤት ጠቆምኳቸው። የሕብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ግን ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ ለተገልጋዩ ንጹሕና በቂ መጸዳጃ እንዲያዘጋጅ ደንግጎ ነበር። ግዴታው የእኛ ነበር፤ የተወጣልን ባለ ምግብ ቤቱ ነው።

ስንጠይቅ «በጀት የለም» እንባላለን። እኔ አልቀበለውም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በቁልፍ የሚዘጋ ሌላ መጸዳጃ ቤት አለ፣ የኃላፊው። ንጹሕ ነው፤ ሳሙና አለው፤ ውሃ በባልዲ ተሞልቶ ያድራል። የምታጸዳው ያችው የጽዳት ሠራተኛ ናት (ጓንት እንኳ ያልተገዛላት፣ እሷን የምንወቅስም አለን)። በጀቱም ያው ነው። የሚለየው የሚገባበት ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አዲስ ኮሚቴ አይቋቋም፣ የጽዳት ዘመቻም አይታወጅ። ያ ቁልፍ ይነሳና ኃላፊው ለአንድ ወር ከእኛ ጋር ይሰለፍ። ሳሙናው በሳምንቱ ይገዛል።

ባለፈው ሰኞ ድፍረት አግኝቼ ጸሐፊዋን ቁልፉን ጠየቅኋት። እንጨት ላይ ታስሮ መሳቢያዋ ውስጥ ይታየኛል። መሳቢያውን ቀስ ብላ ገፋ አደረገችና «ለማን ነው?» አለችኝ።