የመቆለፊያውን ውስጥ አሳዩን!

አሮጌ ኦሜጋና ሮሌክስ የምትሸጡ ሰዎች፣ ኧረ በፈጠራችሁ አንድ ፎቶ ማንሳት ይሄን ያህል ይከብዳል? የሰዓቱን ፊት ክንድ ላይ አድርጋችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ፣ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ታነሱታላችሁ። «ሁሉም ነገሩ ኦርጅናል፣ ለቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ከዚያ ሰው በትሕትና «እባክዎ የማሰሪያውን መቆለፊያ ከፍተው ውስጡን ያሳዩኝ» ሲላችሁ ወይ ትቆጣላችሁ፣ ወይ ድምፃችሁ ይጠፋል።

ሰሞኑን የገጠመኝ ይሄው ነው። ሰዓቱ ኦሜጋ ስፒድማስተር ነው፤ የሞዴል ቁጥሩ 145.012፣ ሻጩ የ1968 ነው ይላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሰዓቱስ ያምራል። ውስጡ ያለው ሞተር ካሊበር 321 የሚባለው ነው፣ ኦሜጋ ብዙም ሳይቆይ በካሊበር 861 የተካው። የጠየቀው ዋጋ ግን ሰዓቱ ከነትክክለኛ ማሰሪያው ሲገኝ የሚጠየቅ ዋጋ ነው። ያን ያህል ከጠየቀኝ ማሰሪያውን የማየት መብት አለኝ። ቁጥሩን አንብብልኝ ስለው «ብረት ነው፣ ኦሜጋ የሚል አለበት፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ።

ምን እንደምፈልግ እዚህ ልናገር። መቆለፊያው ሲከፈት ውስጡ ላይ የማሰሪያው ቁጥር ተመትቷል፤ በዚህ ሰዓት ላይ የሚጠበቀው 1039 ነው፣ ጠፍጣፋ አንጓ ያለው። ብዙ ጊዜ እዚያው ቀን ይኖራል፤ 2/68 ካለ የ1968 ሁለተኛው ሩብ ዓመት ማለት ነው። ከሰዓቱ አካል ጋር የሚገጥመው የጫፍ አንጓ ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው፣ እሱም 516 መሆን አለበት። ይሄን ለማንበብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ብርሃንና አጉሊ መነጽር ይበቃል። መቆለፊያው 1171፣ የጫፍ አንጓው 633 ከሆነ ማሰሪያው የኦሜጋ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በ1970ዎቹ የተለመደው፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ የመጣው ዓይነት ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ደግሞ ማሰሪያው ራሱ ከሁለት ማሰሪያ የተቀጣጠለ ነው ማለት ነው።

ቀኑ ቁርጥ ብሎ ይግጠም አላልኩም። ማሰሪያና ሰዓት በአንድ ቀን አይሠሩም፤ የወራት፣ የአንድ ዓመትም ልዩነት ያለ ነው። በቆዳ ማሰሪያ ተሸጠው ባለቤቱ በኋላ የብረቱን የገዛላቸውም አሉ። የ1968 ሰዓት ላይ 2/74 የሚል ማሰሪያ አድርጎ «ከፋብሪካ አብሮት የወጣ ነው» ማለት ግን ውሸት ነው።

ሮሌክስም ከዚህ አይርቅም። ቀድሞ ሩብ ዓመቱንና ዓመቱን ይመታ ነበር፤ ከ1976 ወዲህ ፊደል መጣ፣ ኤ ለ1976፣ ቢ ለ1977 እያለ። ኤስ ካለበት መቆለፊያው በጥገና ጊዜ የተተካ ነው። እዚህ ላይ ግን በተቃራኒው የሚያናድዱኝም አሉ። ሲ ኤንድ አይ የተባለ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ለሮሌክስ የሠራቸው ማሰሪያዎች አሉ፤ ስዊዘርላንድ አልተሠሩም ተብሎ ብቻ «ፌክ ነው» እያሉ የሰው ንብረት የሚያራክሱ ሰዎች እባካችሁ መጀመሪያ ተማሩ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ደህና 1039 ለብቻውም ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ነጋዴው ከሰዓቱ ላይ አውልቆ ለብቻው ይሸጠዋል፣ ሰዓቱ ላይ እጁ የገባለትን ይገጥምበታል፣ ከዚያ ሁለቱንም ኦርጅናል ይላቸዋል። ሃምሳ ዓመት በአንድ ሰው ክንድ ላይ አብረው ያረጁ ነገሮች ተለያይተው ይቀራሉ፤ ማንም መልሶ አያገናኛቸውም። «ዋናው ሰዓቱ ነው፣ ማሰሪያ ምን አላት» ይሉኛል። ጄኔቫ ውስጥ ከ1835 ጀምሮ የነበረው ጌ ፍሬር ለእነ ሮሌክስና ፓቴክ ፊሊፕ ማሰሪያ ይሠራ ነበር፤ ኦዴማር ፒጌ የተባለው ሰዓት ሠሪ በ1972 ያወጣው የሮያል ኦክ ሰዓት ማሰሪያም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ሮሌክስ በ1998 ድርጅቱን ጠቅልሎ ገዛው። ማሰሪያ ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ ለምን ይገዛዋል?

«ሰው አታምንም እንዴ?» የሚለኝም አለ። በ2021 ጄኔቫ ላይ አንድ ስፒድማስተር በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የገዛው ኦሜጋ ራሱ ነው፣ ለሙዚየሙ። በ2023 ኩባንያው ያ ሰዓት ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን ተናገረ። ሠሪው ድርጅት እንዲህ ከተሸወደ፣ በስልክ ፎቶ አይቼ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ የምልክ እኔ ቁጥር ብጠይቅ ምኑ ነው ነውሩ?

ማሰሪያው የሌላ ነው በሉኝ፣ ቅር አይለኝም። ዘመኑን ጻፉ፣ ዋጋውን በዚያው ልክ አድርጉ፣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን እንገዛለን። ቁጥሩን ጠይቀን ዝም ስትሉን ግን እየደበቃችሁ እንደሆነ ነው የምንቆጥረው።

የአባታችሁን ወይ የአያታችሁን ኦሜጋ የወረሳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሰዓት ሠሪ ጋ ስትወስዱት «ማሰሪያው ላልቷል፣ በአዲስ ልቀይርልህ» ቢላችሁ ይቀይር ግዴለም፤ አሮጌውን ግን ተቀብላችሁ ውጡ። ለእጃችሁ ሲያሳጥረው የሚያወጣቸውን አንጓዎችም አትተዉለት።