ለፒያሳው ችሎት የቀረበ ምስጋና

እኛ ደሴዎች ትሁት ስለሆንን ነው እንጂ ሌላው አገር መጥቶ ከኛ ሚማረው ነገር አለ። የልጅ ጥፋት እንዴት እንደሚዳኝ። ዳኛ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ "መዝገቡ አልደረሰም ከወር በኋላ ተመለሱ" ሚባል ጣጣ የለ። ልጁ ሶስት ሰዓት ከሃያ ላይ ይያዛል፣ ከሃያ ሁለት ላይ ይፈረድበታል፣ ሶስት ተኩል ሳይሞላ ቅጣቱን ጨርሶ ቲክቶክ ላይ ተለቋል። እስቲ ምርመራ፣ ክስ፣ ፍርድና ህትመት በአስር ደቂቃ ሚያልቅበት አገር ጥሩልኝ።

በወሬ አይደለም ማወራው፣ ፒያሳ ላይ የዋለውን ችሎት በአይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ነው፣ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም፣ ቁር ነው፣ አንድ ልጅ ከቆመ ባጃጅ ውስጥ ፓወር ባንክ አንስቶ ሊሮጥ ሲል ተያዘ። ማንሳቱን አንስቷል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ገመዱ ከኪሱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሊስትሮ ነው። ቀኝ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ አለ፣ ግራው ላይ የሴት ነጠላ ጫማ። ሳጥኑ ተገልብጦ የቀለም ቆርቆሮው እየተንከባለለ አስፋልት ገብቷል፣ እና ልጁ ጥፊ እየወረደበት አይኑ እዛ ቆርቆሮ ላይ ነው፣ መኪና እንዳይሄድበት መሰለኝ። ይሄ ደሞ ችሎት መድፈር ሆኖ ተያዘበት። "እያናገርንህ ወዴት ነው ምታየው አንተ!" ብለው አንድ ጨመሩለት።

የችሎቱን ስብጥር ሳላደንቅ አላልፍም። ባለባጃጁ በአንድ ጊዜ የግል ተበዳይ፣ ዓቃቤ ሕግና ቅጣት አስፈፃሚ ነው፣ የመንግሥት በጀት እንዲህ ነው ሚቆጠበው። ጃኬት የለበሰና ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክርቢቶ የሰካ ሰውዬ ሰብሳቢ ዳኛ ሆነ፣ ማንም አልሾመውም፣ እስክርቢቶዎቹ ናቸው የሾሙት። ቆሎ ምትሸጥ እናት "ተዉት በአላህ፣ ልጅ አይደል" ብላ የልዩነት ሀሳብ አስመዘገበች፣ በድምፅ ብልጫ ወደቀች። የቀረነው ካሜራማኖች ነን። አዎ ነን፣ እኔም ስልኬን ከፍ አድርጌ ነበር፣ አርባ ሰከንድ እንደቀዳሁ ባትሪ ጨረሰብኝ። ፓወር ባንክ ኤግዚቢት ሆኖ ተይዟል እንጂ እሰካው ነበር።

ባለሁለት እስክርቢቶው ፍርዱን በተረት ነው የጀመረው፣ "በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" አለ፣ ሁሉም አጨበጨበለት ማለት ይቻላል። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሌባው ሊሰቀል ሲል ለእናቱ ያላት ነው። ተረቱ ውስጥ እንቁላሉን ሲሰርቅ መቅጣት የነበረባት እናቱ ናት። ይሄኛው ልጅ ሲጠየቅ እናቱ ሞታለች፣ አባቱን አያውቀውም፣ ጦርነቱ ጊዜ ከአክስቱ ጋር ተፈናቅሎ መጥቶ አክስቱም ወደ አገሯ ስትመለስ እሱ ቀርቷል። ስለዚ ፒያሳ ሙሉ እናት ሆነለት፣ ሃያ ሰላሳ እናት በጫማ ጥፊ። እንዲህ ያለ ማህበራዊ ዋስትና የት አለ?

ከዛ ዕድሜ ተጠየቀ። "ስንት ዓመትህ ነው?"

"አስራ ሁለት።"

"አስራ ሁለት! ውሸታም፣ አይኑን አትሉትም፣ አስራ ሰባት ይሆነዋል።"

"አስራ ስምንት ሞልቶታል ባክህ፣ ቀጭጮ ነው።" ይሄን ያለው ከኋላ ያለ ሰው ነው፣ ልጁን አላየውም፣ ቁመት አጥሮት የሰው ትከሻ ነው ሚያየው።

አያችሁ ፍጥነቱን! የመንግሥት ፍርድ ቤት ዕድሜ ሲያጠራጥረው ሆስፒታል ልኮ ራጅ አስነስቶ ሀኪም ገምት ይላል፣ ያውም ግምት ነው። የልደት ካርድ እንዳይባል ደሞ ልደት በአገር ደረጃ በደንብ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ከዛ በፊት የተወለደ የድሃ ልጅ ልደቱ "የበቆሎ እሸት ጊዜ" ነው። እኛ ግን በጆሮና በትከሻ ለካን፣ ስድስት ዓመት በሰላሳ ሰከንድ አሳደግነው። አንድ ጥፊ አንድ ዓመት ማለት ነው በግምት።

ይሄ ስድስት ዓመት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የወንጀል ሕጉ፣ የ1996ቱ፣ አዋጅ ቁጥር 414፣ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ልጅ ጭራሽ በወንጀል አይጠይቅም። ከዘጠኝ እስከ አስራ አምስት ያለውን ለብቻው ያየዋል፣ ከአዋቂ ጋር አይታሰር፣ የአዋቂ ቅጣት አይቀጣ ይላል። ከአስራ አምስት እስከ አስራ ስምንት ያለው ነው ወደ መደበኛው ሕግ ሚሻገረው፣ እሱም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞት ደሞ አስራ ስምንት ላልሞላው ምንም ቢያደርግ አይፈረድበትም። እና ይሄን ሁሉ መስመር ያሰመሩት ሰዎች ምን ያህል ቀን እንደፈጀባቸው ሳስብ ያሳዝኑኛል፣ ፒያሳ መጥተው ቢያማክሩን ኖሮ አንድ መስመር ይበቃቸው ነበር።

አሰራራቸውም ቀርፋፋ ነው። ጃንሆይ ጊዜ በ1954 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ልጅ ከተያዘ ወዲያው ቅርብ ወዳለ ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ነገሩ በዳኛው ቢሮ በዝግ ይታይ፣ ወላጅ ወይ አሳዳጊ ይኑር፣ አነጋገሩም እንደ ትልቅ ሰው ችሎት ሳይሆን ቀለል ይበል ብሎ ነበር። በዝግ! በዝግ ከሆነ ማን ላይክ ያደርጋል? ዱላም ቢሆን በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለልጅ የዱላ ቅጣት ነበረ፣ ግን ዳኛ አይቶ ቁጥሩን ወስኖ ነው፣ የ1996ቱ እሱንም አወጣው። እኛ ባህል ጠባቂ ስለሆንን ዱላውን መለስነው፣ ቆጠራውን ብቻ ነው ያስቀረነው።

በበኩሌ ግን በጣም ሚያስቀኝ ሕጉ ለልጅ ከዘረዘራቸው እርምጃዎች አንዱ ነው። ተግሣጽና ወቀሳ አለ፣ በክትትል ማስተማር አለ፣ እና ደሞ "በቤት ተወስኖ መቆየት" አለ። በቤት! ዳኛው ይሄን የኛን ሊስትሮ አቅርበው "ከቤትህ እንዳትወጣ" ቢሉት ልጁ "የትኛው ቤት ጌታዬ፣ የጫማ ሱቁ በረንዳ ነው ወይስ ሰኞ ገበያ ያለው ሸራ?" ማለቱ አይቀርም። የማረሚያ ተቋም ይግባ እንዳይባል፣ እሱም ሕጉ ላይ አለ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት፣ ግን ለልጅ ተብሎ የተሰራ ማረሚያ ሲባል ሰው አፍ ላይ ሚመጣው የአዲስ አበባው ነው፣ ከደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። በፓወር ባንክ ጉዳይ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ማን ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚ መሃል ላይ ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፣ እሱን ክፍተት ነው እንግዲህ እኛ በጥፊ ምንሞላው፣ ምስጋናውም ለዚህ ነው።

ፖሊስ በመጨረሻ መጣ። አንዱ ፖሊስ ልጁን ሲያየው አዘነ፣ እውነቴን ነው፣ አፍንጫውን በሶፍት ጠረገለት። ከዛ ወደ ጣቢያ ወሰደው፣ ጣቢያው ደሞ ያለው አንድ ክፍል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች ከአዋቂ ተለይተው ይያዙ ይላል፣ ፖሊሱም ይሄን ያውቃል፣ ለይቶ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ መብት ተከበረ። ማታ ሲበርድ ግን ኮሪደሩ በር ስለሌለው ወደ ክፍሉ ገባ ተብሏል፣ ውስጥ ሁለት ሰካራምና አንድ የመኪና ዕቃ ፈቺ ነበሩ። ፈቺው ጎበዝ ባለሙያ ነው ይሉታል፣ ስፖኪዮ በአስራ አምስት ሰከንድ።

ያን ቀን ከሰዓት ለስራ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ስንወርድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሶ ምሳ ያዘዝኩበት ቤት አስተናጋጇ ለጓደኛዋ እያሳየች ነበር። የልጁ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፣ አንዱ ካሜራማን "ቀና አድርጉት አይታይም" ያለው ነገር ፍሬ አፍርቷል። ኮመንቱን አነበብኩት። "እጁን ነው መቁረጥ"፣ "ስቀሉት ለሌላው ትምህርት ይሆናል"፣ አንዷ ደሞ ሶስት የሚጸልይ እጅ አስቀምጣ "ልጆቻችንን ይጠብቅልን" ብላለች። ልጆቻችንን ያለችው ውስጥ ይሄኛው እንደሌለበት ገብቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛ ጨካኞች ነን ብሎ ሚያስብ ካለ ስም ማጥፋት ነው። እኛ ለልጅ ማዘን እናውቃለን፣ እንደውም ከሕጉ በላይ ነው ምናውቀው።

ሰፈሬ ውስጥ አንድ ልጅ አለ፣ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ተጽፏል፣ አባቱ ሱቅ በሱቅ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ማታ የአባቱን ቪትዝ አስነስቶ ሸዋ በር ጋ አንድ ተሸካሚ እግር ላይ ወጣበት። እግሩ ተሰበረ። በሕጉ ከሄድን ይሄ ልጅ አስራ አምስትን ያለፈ ነው፣ መደበኛው ችሎት ሊያየው ሚችለው እሱን ነው፣ ሊስትሮውን አይደለም።

በማግስቱ ሰባት ሽማግሌ ተሰበሰበ። ቡና ተፈላ፣ ጀባ ተባለ፣ አቦሉ ሳያልቅ ነገሩ ለሰሰ። "ልጅ እኮ ነው" አሉ አንዱ ሀጂ። "ጓደኛ ነው ያሳሳተው፣ እሱማ አንገቱን ደፍቶ ሚሄድ ልጅ ነበር።" ሌላው ደሞ "ዕድሜው ነው፣ ሁላችንም በዚህ ዕድሜ ያላጠፋነው የለም" አሉ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እያንዳንዳቸው ያጠፉትን አንድ አንድ አወሩ፣ አንደኛው ያወሩት እኔ እንደሚመስለኝ ዛሬም ይርጋ ያልያዘው ነው። ልጁ ተጠርቶ መጣ፣ ጉልበት ሳመ፣ አለቀሰ፣ አባቱም አለቀሱ። ተሸካሚው በክራንች መጥቶ የህክምናውን ብርና የጥቂት ወር ቀለብ ተቀበለ፣ ይቅር አለ፣ ዱአ ተደረገ። በሳምንቱ ልጁ ትምህርት ቤት ነበር፣ መኪናውን ነክቶ አያውቅም እስካሁን፣ እኔም አያለሁ እኮ፣ ተሸካሚውን ሲያገኘው ሰላም ይላል።

ይሄን ስል አሽሟጠጥክ እንዳትሉኝ፣ እዚህ ጋ አላሽሟጠጥኩም። ቆንጆ ነበር። ወላጅ ባለበት፣ በዝግ፣ የተጎዳው ሰው እየተካሰ፣ ልጁም ያጠፋውን ሰው ፊት ለፊት እያየ፣ ሕጉ በስንት አንቀጽ ሊል የሞከረውን ሰባት ሽማግሌና አንድ ጀበና ጨረሱት። ማንም ስልክ አላወጣም። እኔ እንደውም ሰዓት ለማየት ስልኬን ሳወጣ አንዱ ሽማግሌ ገላመጡኝ፣ "እንዳትቀርፅ ልጄ፣ ነውር ነው፣ የሰው ልጅ እኮ ነው" አሉኝ።

የሰው ልጅ። እውነታቸውን ነው፣ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የሊስትሮው የማን እንደሆነ ስላልታወቀ የሰው ልጅ መሆኑም አብሮ አልታወቀም። ዕድሜም እንደዛው ነው እኛ ጋ፣ ከእናት ሆድ ከወጣበት ቀን አይቆጠርም፣ ከአባት ነው ሚቆጠረው፣ አባት ካለህ ሃያ አምስትህም ላይ "ልጅ እኮ ነው" ነህ፣ ከሌለህ አስራ ሁለት ላይ ጎረምሳ ነህ። አስራ ስድስቱ ሕፃን ሆነ፣ አስራ ሁለቱ አስራ ስምንት ሞላው፣ ሁለቱም እዚችው ከተማ፣ በአንድ ወር ውስጥ። ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት አዳራሽ እዚሁ አለ፣ ስሙ አይጠየፍ ነው፣ መጣ ሄደ ሳይባል ሁሉም ይበላበት ነበር ይባላል። ጎብኚ ሲመጣ ስሙን ተርጉመን እንነግረዋለን፣ ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ይነሳል።

ሊስትሮው በሶስተኛው ቀን ተለቀቀ። ባለባጃጁ ንብረቱን ስላገኘ ቃል ለመስጠት አልመጣም፣ ስራ ይበልጥበታል፣ ደሞስ እሱ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ባለፈው እሁድ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ "ጋሼ ልጥረግልዎት?" ሲለኝ ነው ያወቅኩት፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል፣ ቀለሙ በሌላ ቆርቆሮ ነው። እግሬን ሰጠሁት። ከማዶ ያለው ወያላ "ፓወር ባንክ! እንዴት ነህ ፓወር ባንክ!" ብሎ ጮኸበት፣ ስሙ ሆኗል፣ ደሴ ውስጥ ቅጽል ከወጣልህ ከክትባት ጠባሳ ጋር እኩል ነው።

እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ ያለ ነገር እንዴት ነው ሚጠፋው?" አለኝ።

"የለቀቀው ሰውዬ ነው ሚያጠፋው" አልኩት።

"ስንት ሰው አይቶት ይሆን?"

"ብዙም አይደል፣ አብሽር፣ ሰው ይረሳል" አልኩት። ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጠዋት አይቼዋለሁ።

ሃምሳ ብር ሰጠሁት፣ ሂሳቡ ሃያ ነው፣ መልሱን ተወው አልኩት። አልተወውም፣ ሶስት አስር ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ፣ ከዛ ደሞ እጁን ወደ ጠረጴዛው ከላከ በኋላ ቶሎ ሰበሰበው፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ጎኔ ያለው ሰውዬ ሲያየው ስልኩን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ናቅኩት ሰውዬውን። ከዛ የኔን ስልክ ፈለግኩ ጠረጴዛው ላይ፣ የለም፣ ደነገጥኩ፣ ለካ ልጁ "ጋሼ" ካለኝ ጊዜ ጀምሮ በግራ እጄ ጨብጬዋለሁ።