«ታሽጓል» የሚሉት ሐላል

ሰሞኑን እዚህ ጅማ፣ የብዙ የቴሌግራም ሱቆችን ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር አከማችቶ የሚያደርስ አንድ ድርጅት የሐላል መደርደሪያውን አንስቶ ዕቃውን ከሌላው ጋር ቀላቀለ። ኃላፊው ሲጠየቁ «ሐላል የአራጅ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጣው ሁሉ ታሽጎ ነው» አሉ።

ይህን ያሉት የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ቢላዋ በማይዋዋሱበት ከተማ ነው!

ታሽጓል? ጄሊ ከረሜላን እንውሰድ። ቱርክ የተመረተው ከበሬ ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ማርጊያ) ሊሠራ ይችላል፤ አውሮፓ የተመረተው፣ በዚያው ስምና በዚያው ሥዕል፣ ከአሳማ ቆዳ በወጣ ጄላቲን። ሁለቱም ጥብቅ አድርገው ታሽገዋል። አንዱ ሱቅ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ወደ መጋዘኑ ያስገባል። ተረካቢው የፊት ለፊቱን ስም አይቶ «ለቆጠራ ይቅለል» ብሎ በአንድ የዕቃ ኮድ ይመዘግባቸዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሲስተሙ የሚያውቀው አንድ ከረሜላ ብቻ ነው። ትእዛዝ ሲመጣ ዕቃ አውጪው ልጅ እጁ የደረሰበትን ካርቶን ያነሳል። የሐላሉን የከፈለች እናት የአሳማው ይደርሳታል። ማሸጊያው አልተቀደደም፣ ማንም አልዋሸም፤ ሐላልነቱ የጠፋው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። አራጁ እዚህ ምን አገባው?

መድኃኒቱ ደግሞ የሮኬት ሳይንስ አይደለም። ኮዱ በባለቤቱ፣ በተመረተበት አገርና በምርት ቁጥሩ ይለያይ። የሐላል ምስክር ወረቀቱ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይመዝገብ። ሲረከቡ ጀርባውን ያንብቡ፦ ምንጩ ሳይገለጽ «ጄላቲን» ወይም «ኢ471» የሚል ካለ (ኢ471 የተባለው የምግብ ማዋሃጃ ከአትክልትም ከእንስሳም ስብ ይሠራል) አስመጪው ማስረጃ እስኪያመጣ ይታገድ። እገዳው ካርቶን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፣ ወረቀት ይወድቃል። ሲስተሙ ራሱ ዕቃው እንዳይወጣ መከልከል አለበት።

ተመላሽ ዕቃማ የባሰ ነው። ደንበኛ ቤት አድሮ የመጣ፣ ምናልባትም ተከፍቶ በፕላስተር የተለጠፈ ዕቃ «አልተነካም» ተብሎ ቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። የራሱ ቁልፍ ያለው ቦታ ይሰጠው፤ የተከፈተው ዳግም በሐላል ስም አይሸጥ።

ጠርሙስም ይሰበራል። ወይንና አረቄ፣ 35 በመቶ አልኮል ያለው የኬክ ቫኒላም ጭምር፣ ከቴምር ካርቶን በላይ ከተደረደረ የሚፈሰው ወደ ታች ነው። ቢቻል ሌላ ረድፍ፣ ካልተቻለ ከታች፣ ያውም በፕላስቲክ ፓሌት (የካርቶን መደርደሪያ መደብ) ላይ፤ እንጨት ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ታጥቦም አይለቅም። የራሰው ካርቶን ይወገድ፣ ወለሉ ሽታውና ምልክቱ እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የፈሰሰው የአሳማ ተዋጽኦ ከሆነ በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች በአንዱ) ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በንጹሕ አፈር። በረኪና ረጭቶ መጥረግ ይህን አይተካም።

ማሌዥያ የሐላል አቅርቦት መመዘኛዋን ኤምኤስ 2400ን በሦስት ከፍላ አንዱን ለማጓጓዣ፣ አንዱን ለመጋዘን፣ አንዱን ለችርቻሮ ያወጣችው ሥራ ፈትታ መሰላቸው? ጉዳዩ የአራጅ ብቻ ቢሆን መጋዘን የራሱ ክፍል ባላስፈለገው ነበር።

ቦታ ይሻማል፣ ወጪ አለው፤ እሺ፣ ይሁን። ከሱቆቹ ይጠይቁ፣ ለሐላል መጋዘን ጥቂት ብር የሚጨምር ነጋዴ ጅማ ውስጥ አይጠፋም። ይህም ከከበዳቸው ከቴሌግራም ገጻቸው ላይ እስከ ዛሬ ያላነሱትን የሐላል ምልክት ያውርዱ፤ እሱ እንኳን ሳንቲም አያስወጣም።