ጭረት ናት

አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚወድ ሰው የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ሌላው ሰው «ዝገት» የሚለውን እርሱ «ዕድሜ» ይለዋል፤ የሚንጠባጠበው ዘይት ለእርሱ ሞተሯ ውስጥ ዘይት እንዳለ የሚያረጋግጥ ምስክር ነው፤ በአምስተኛው ርግጫም አልነሳም ማለቷ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝና፣ በዕድሜ የምትበልጠኝን ሞተር ሳይክሌን እያጠብኩ ሳለሁ ከፊት መብራቷ ሥር፣ በታችኛው ማቀፊያ ላይ፣ ከፀጉር የማይወፍር ጥቁር መስመር ባየሁ ጊዜ አፌ ላይ የመጣው ቃል «ስንጥቅ» አልነበረም። «ጭረት ናት» አልኩ። የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ስለ ማቀፊያው ጥቂት ካልተናገርኩ ለምን ራሴን እንደዋሸሁ አይገባም። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ ረጃጅም ቱቦዎች፣ ማለትም ፎርኩ፣ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ አይገናኙም። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ማቀፊያ አለ፤ እነዚህ ማቀፊያዎች ቱቦዎቹን ግራና ቀኝ በብብታቸው ይዘው፣ በመካከላቸው ባለው ዘንግ አማካይነት በሻንሲው አንገት ውስጥ በኩሽኔታ ላይ ይዞራሉ። ፍሬን ሲያዝ የሰውየውም የብረቱም ክብደት ወደ ፊት ይሸሻል፣ ቱቦዎቹም ወደ ኋላ መታጠፍ ያምራቸዋል፤ እምቢ የሚላቸው በአብዛኛው የታችኛው ማቀፊያ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ መንገድ ዳር ያስቆማል፣ ካቴናው ቢበጠስ ላብ እስኪያጠምቅ ያስገፋል፤ ይህ ቁራጭ ለሁለት ቢከፈል ግን ጎማው በራሱ መንገድ፣ ጋላቢውም በራሱ መንገድ ይሄዳሉ።

የተሰበረ ነገር ያለው ሰው አማካሪ አይቸግረውም። ቀድሞ የደረሰው ወዳጄ እንደኔው የአሮጌ ብረት ፍቅር ያደረበት ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ መስመሯን በአውራ ጣቱ ዳሰሳትና «የድሮ ብረት አይሰበርም!» ሲል ፈረደ። ይህ አባባል በእኛ ዘንድ ትልቅ ክብር ያለው ሲሆን አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የተሰበረው የድሮ ብረት ዛሬ መጥቶ ሊመሰክር አይችልም። ተርፎ የቀረውን ብቻ እያየን ዘመኑን እናመሰግናለን። እንዲያውም ብረት እንደሚደክም ዓለምን ያስተማረው የድሮው ብረት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ፣ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ አክስሎችን እያዞረና እየደጋገመ ሲፈትን ለዓመታት ኖሮ፣ አንድን ከባድ ጭነት የሚችል ብረት ከዚያ እጅግ ያነሰ ጭነት ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰበር አሳየ። ከአንድ ትልቅ ጠብ ይልቅ የዕለት ንዝንዝ ሰውን እንደሚሰብር ጎረቤት ያለው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እኛ ነገሩን ለመረዳት መሐንዲስ ባላስፈለገን ነበር።

ማግኔት ባስጠጋለት ማቀፊያው አልሳብ አለ፤ አሉሚኒየም ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ የባሰ ዜና ነበር። ብረት ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ጭነት ቢደጋገምበትም ይቅር ይላል፤ አሉሚኒየም ግን ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ትንሿንም ትልቋንም መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ወዳጄ ይህን ስነግረው ጥቂት አሰበና «ታዲያ የድሮ አሉሚኒየምም አይሰበርም» አለ።

ልፈታው ተነሣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህን የተናገረ ሰው በዝገት የተያዘ ማቀፊያ አላጋጠመውም። ዘይት አጠጥቼ ሁለት ቀን ካሳደርኩት በኋላ ቱቦዎቹ እያቃሰቱ ወጡ፤ ከዚያ የዘንጉን ዳዶ ፈትቼ ማቀፊያውን ዝቅ ሳደርገው የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ ኩሽኔታ ኳሶቹን በቤቱ ሰብስቦ ይይዛል፤ የዚች ሞተር ሳይክል ኳሶች ግን የሚኖሩት በግሪስ ታምነው ልቅ ሆነው ነው። ግሪሱ ከደረቀ ዘመን አልፎታልና፣ ኳሶቹ አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ ተፈታ ትምህርት ቤት ግር ብለው ወጥተው በወለሉ ላይ ተበተኑ። የጥገና መጽሐፉ 37 ናቸው ይላል። በማግኔት፣ በመጥረጊያና በደረቴ እየተሳብኩ 36 አገኘሁ። 37ኛው ከሦስት ቀን በኋላ በጎረቤት ልጅ ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ብይ አድርጎት አብሮ አደጎቹን ሁሉ አሸንፎበት ስለነበር ያለ ሁለት የመስታወት ብይ አልመልስም አለኝ፣ ከፈልኩ።

ማቀፊያው እጄ ላይ ሲወጣ የጥፋቱ ታሪክ ተጽፎበት ነበር። ቱቦውን የሚይዘው ቀለበት በአንድ ወገን ሆን ተብሎ ክፍት ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በክፍተቱ አግድም የሚያልፈው ቡሎን ሲጠብቅ ከንፈሮቹ ይቀራረቡና ቱቦውን ያንቁታል። መቀራረብ አለባቸው እንጂ መሳሳም የለባቸውም። የእኔዎቹ ተሳስመው ነበር። ከእኔ በፊት የነበረ ባለ ጉልበት ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ቡሎኑን እስኪጮህ አጥብቆታል፤ ከእርሱ በፊት የነበረ ሌላ ባለ ጉልበት ደግሞ ክፍተቱ ውስጥ ካቻቢቴ ሸጉጦ በመዶሻ እንደፈለቀቀው ጠባሳው ይመሰክራል። አንዱ በመክፈት፣ ሌላው በመዝጋት ተባብረውበት፣ መስመሯ የጀመረችው ልክ ከክፍተቱ ማዕዘን ላይ ነው።

ቀለሙን ማስለቀቅ ነበረብኝ። በብርጭቆ ወረቀት እንዳልፈገፍገው ተጠንቅቄያለሁ፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ሲፈገፈግ በስንጥቁ አፍ ላይ ተለጥጦ ሊደፍነው ይችላል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ራሱ ከዋሾዎቹ ወገን ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ በቀለም ማስለቀቂያ ቀባሁት። ቀለሙ ተኮማትሮ ሲነሣ ከሥሩ ግራጫ ነገር ብቅ አለ፤ በጥፍሬ ብጭረው እንደ ደረቀ ሳሙና ተፈረፈረ። ስቱኮ ነው። ከስቱኮው ሥር መስመሯ ከውጭ ከታየችው እጥፍ ረዝማ ተኝታለች። አንድ ሰው አይቷታል፣ ምን እንደሆነች አውቋል፣ ሞልቷታል፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷታል፣ ቀለምም ቀብቷታል፤ ሥራው እጅግ ንጹሕ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከንዴቴ ቀድሞ አድናቆቴ መጣ።

የሸጠልኝን ሰው ደወልኩለት። ከሰላምታና ከቤተሰብ ደኅንነት በኋላ ነገሩን ሳነሣ ጥቂት ዝም አለ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ እኔም ስገዛት ነበረች» አለኝ።

«ምን ነበረች?»

«ጭረቷ።»

ለእርሱ የሸጠለትም ሰው እንደዚያው እንዳለው በቅንነት ነገረኝ። ሞተር ሳይክሏ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ስንጥቋ ከነስሟ አብራ ስትወረስ ኖራለች ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ግን ቢያንስ አንዱ ወዳጄ «መቼ ተረጋገጠ?» እያለ ነበር። ስለዚህ የድሮ ባቡር ጥገና ቤቶች ይጠቀሙበት የነበረውን ዘዴ ተጠቀምኩ። ማቀፊያውን በደንብ አጥቤ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ጠዋት አውጥቼ ደረቅ እስኪሆን ጠረግሁት፣ ከዚያ በደቀቀ ጠመኔ አለበስኩት። ነጭ ጋዝ ቀጭን ስለሆነ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ሲጠረግ ከላይ ያለው ይነሣል፣ ውስጥ የገባው ይቀራል፤ ጠመኔው ደግሞ ውስጥ የቀረውን ይመጠዋል። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ቀይ ቀለምና ነጭ ዱቄት በጣሳ ይሸጣል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሁላችንም ከብበን ቆምን። ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ብቻ ነበር፤ ወዳጄም ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ከክፍተቱ ማዕዘን ላይ አንዲት እርጥብ ነጥብ ታየች፤ ነጥቧ ረዘመች፣ ቀለበቱን ዞረች፣ ከኋላ በኩልም ወጣች። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀና «እንግዲህ… ረዘም ያለች ጭረት ናት» አለ።

ከዚህ በኋላ ምክሩ ከመካድ ወደ መጠገን ተሻገረ። አንዱ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ አለኝ። ነገሩ መሠረት አለው፤ ስንጥቅ የሚጓዘው ጫፉ ስለት ስለሆነ ነው፣ ክብ ቀዳዳ ሲያጋጥመው ይደነዝዛል። ይሁን እንጂ እውነተኛው ጫፍ ዓይን ከሚያየው አልፎ ሊገኝ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ቀዳዳው የሚበሳው ስንጥቁ ትቶት ባለፈው ቦታ ላይ ነው፤ ዘዴውም ቢሆን ማዘግየት እንጂ መፈወስ አይደለም። በያጁ ከሁሉም ደፋር ነበር። «በአሥር ደቂቃ አንድ አደርግልሃለሁ» ሲለኝ ስለ ማቀፊያው ይሁን ስለ እኔና ስለ ፈጣሪዬ አልለየልኝም። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ድንገት ይንጠፈጠፋል። በፋብሪካ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ከብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ እንደገና ይለሰልሳል፤ ለዓመታት የጠጣው ዘይትም ብየዳውን በአረፋ ይሞላዋል። ይህን ሁሉ ለበያጁ አልነገርኩትም፤ መነጽር ሳያደርግ የሚበይድ ሰው በቃል የሚመለስ አይመስለኝም።

ዞሮ ዞሮ ከዚያው ፋብሪካ ከወጣ፣ ጥቂት ዓመታት ከሚያንስ ሞዴል ላይ ደኅና ማቀፊያ አገኘሁ። የቱቦው ውፍረት፣ በቱቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የዘንጉ ቁመት፣ ዘንጉ ከቱቦዎቹ መስመር የሚርቅበት መጠን፣ ሁሉም ተለክተው ገጠሙ። የመጨረሻዋን ልኬት ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ስታንስ መሪው ይከብዳል፣ ስትበዛ ደግሞ ይቀብጣል። ይህን ማቀፊያ ጠመኔውም ሲፈትነው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በሆዱ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አሃዙ የተለየ ነው።

የአሮጌ ሞተር ሳይክል ወዳጆች ሐዘን የተቀመጡት በዚህች አሃዝ ምክንያት ነው። በስንጥቁ ዘመን ማንም ከሥሯ አልተኛም ነበር፤ አሁን ግን በጀርባቸው ተንጋለው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ ቁጥሩን ያነባሉ። አንዱ ሲነሣ ልብሱን እያራገፈ «መንፈሷን አጠፋኸው» አለኝ። የእርሱ ሞተር ሳይክል ከነመጀመሪያ ጎማዋ ያለች ናት፤ ጎማዋ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ከግቢ ወጥታ ስለማታውቅ መንፈሷ በሚገባ ተጠብቋል።

አሮጌውን ማቀፊያ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ተመሳሳይ ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው መጥቶ አየውና ዓይኑ በራ፤ ቁጥሩን አነበበ፣ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አነሣው፣ ከዚያ መስመሯን አይቶ «ይቺ ምንድን ናት?» ሲል ጠየቀኝ። ምላሴ ላይ የመጣውን ቃል አንባቢ ያውቀዋል። እስከ ከንፈሬ ደርሶ መለስኩት። «አይሸጥም» ብዬ ሸኘሁትና፣ በዚያው ማታ ማቀፊያውን ሞርሳ ላይ አስሬ በወገቡ በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት።

በሳምንቱ ሰውየው ተመልሶ መጣ። ያደረግሁትን ነገርኩት። በጣም አዘነ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ቀና አለና «ሁለቱም ግማሾች አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አሉ።»

«እንግዲያው ስጠኝ» አለ፤ «ጎበዝ በያጅ አውቃለሁ።»