ማሩን ማን ላሰው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለችው ጀበና ቡና ጋ አራት ሆነን ተቀምጠናል። ቡናውን የምታፈላልን እህት ሰባት ዓመት ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከጎኔ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወዳጃችን አለ። ከእሱ ቀጥሎ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፤ ብዙ አይናገሩም፣ ከተናገሩ ግን ቶሎ አይጨርሱም። አራተኛው እኔ ነኝ። ገና ከጅምሩ ወገን ይዣለሁና ከእኔ ዳኝነት አትጠብቁ።

ነገሩን የጀመረው የሒሳብ ሠራተኛው ነው። ሚስቱ ስልኳ ላይ የሕንድ ድራማ ይዛ እራት እየዘገየ ነው አለ።

"ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። ያድጋሉ፣ በአንድ ወንድ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ካሜራው ሦስቴ ፊታቸው ላይ ይመላለሳል። ነገም ያው ነው።"

"ስሙ ማነው?" አለች ባለቡናዋ።

"ኡትራን ነው ኡትራም፣ እንጃ።"

ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አነሳችው። "እሱን እኮ አውቀዋለሁ! እዚያ እያለሁ ነው ያየሁት።"

እሷ በነበረችበት ቤት አንዲት ሕንድ ምግብ አብሳይ ነበረች አሉ። ማታ ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ ትንሿን ቴሌቪዥን ይከፍታሉ። ሕንዷ በተሰባበረ ዐረብኛ ታስረዳታለች። "መጀመሪያ ቋንቋው አልገባኝም። እሷ ስታለቅስ አብሬ አለቅስ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ብሶብኝ አረፈው" አለችን።

ላላየው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታው ሰሜን ሕንድ፣ ማቱራ ነው። ዳሚኒ የምትባል ድሃ እናት በሀብታሙ ጆጊ ታኩር ቤት ትሠራለች። ልጇ ኢቻ ናት። የባለቤቶቹ ልጅ ታፓስያ ናት። ሁለቱ ልጆች አብረው ያድጋሉ። ኢቻ የምትለብሰው ታፓስያ ያወለቀችውን ነው። የምትጫወተው ታፓስያ በሰለቸችው አሻንጉሊት ነው። "ኡትራን" ማለትም ይኸው ነው፤ ሰው ከላዩ ላይ አውልቆ ለሌላ የሰጠው ልብስ። እኛ ልባሽ የምንለው። ከስድስት ዓመት በላይ የሄደ ድራማ በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ቆሞ ነው የኖረው። ስሞቹንም ልብ በሉ። ኢቻ ማለት ምኞት ነው። ታፓስያ ደግሞ ራስን መግታት፣ ሥጋን ማድከም፣ የመናኝ ተጋድሎ። ተጋድሎ የምትባለው ልጅ በሕይወቷ አንድ ቀን ምንም ነገር ተከልክላ አታውቅም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሳይስቅ አልቀረም።

"አያትየዋን ረሳህ" አለችኝ ባለቡናዋ። አልረሳሁም። የታፓስያ አያት በሕፃኗ ጆሮ መርዝ የምታንጠባጥብ አሮጊት ናት። አባትየው ኢቻን እንደ ልጁ ባየ ቁጥር፣ አያትየዋ "ያንቺን ሊወስዱብሽ ነው" ትላታለች። ልጅቷ በዚህ አደገች።

ከዚያ ትልቅ ሆኑ። ኢቻ ቪር የሚባል ልጅ ወደደች፣ ወደዳት፣ ሠርግ ተደገሰ። በሠርጉ ቀን ታፓስያ በኢቻ ቦታ ተቀምጣ አገባችው።

"ይኸውላችሁ!" አለች ባለቡናዋ፣ ሲኒ እያለቀለቀች። "ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው። ልባሹን ሰጠቻት፣ ባሏን ወሰደችባት።"

የሒሳብ ሠራተኛው እዚህ ጋ ነቃ አለ። ድራማውን ከሶፋ ላይ በግማሽ ዐይኑ፣ ቢበዛ ዐሥር ክፍል ነው ያየው። ከ1,500 ክፍል በላይ ያለውን ነገር ዐሥር አይቶ ሊፈርድ ተነሳ።

"እኔ የምለው" አለ፣ "ውለታስ? ማን አሳደጋት? የማን እንጀራ በላች? ማን አስተማራት? የቤት ሠራተኛ ልጅ እኮ ናት። እንደ ልጃቸው አኖሯት። ከዚያ በላይ ምን ያድርጉላት? ሰው ያሳደገው እጅ ላይ አይተፋም።"

"ማን ተፋ?" አልኩት።

"ኢቻ ነቻ! ሠርጉ ከሆነ በኋላስ ባሉን ለምን አትተውላቸውም? ሌላ ወንድ ጠፋ? በኋላ መልሳ አላገባችውም?"

ልብ በሉ፣ የራሷን እጮኛ ነው። ሰውዬው ግን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመረ። በዚህ በኩል ልብስ፣ ምግብ፣ ትምህርት፣ መኝታ። በዚያ በኩል አንድ ባል። ሲደምረው ኢቻ ገና ዕዳ ይቀራታል። የወር መጨረሻ ሒሳብ እንደሚዘጋ ሰው ደስ ብሎት ወደ ኋላ ተደገፈ።

ይባስ ብሎ ተረቷንም ነጠቃት። "እንዲያውም ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው የሚባለው ለኢቻ ነው። ቤታቸውን፣ አባትየውን፣ የሰውን ፍቅር ሁሉ ጨርሳ የላሰችው እሷ ናት።"

ባለቡናዋ ዝም አለች። ረከቦቱን አስተካከለች። ከዚያ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ራሷ አወራች።

የነበረችበት ቤት እመቤት ክፉ አልነበረችም። ልብስ ትሰጣት ነበር። ሽቶ ትሰጣት ነበር፣ ሩብ የቀረው። አንድ ቀን የዕረፍት ቀኗ ነበርና ከሀገሯ ልጆች ጋር ልትገናኝ የተሰጣትን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። በር ላይ የእመቤቷ ልጅ አየቻት። ልጅቷ የልጅነት ጓደኛዋ እስክትመስል ድረስ በእጇ ያደገች ናት፤ ፀጉሯን ጎንጉናላታለች፣ ስትታመም አድራባታለች። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ "ቀሚሴን ለብሳለች" አለች። ሌላ ነገር አላለችም። እናትየዋም "ሌላ ቀይሪ" አለቻት፣ በትሕትና።

"ቀሚሱ ከተሰጠኝ ዓመት አልፎታል" አለች። "ሰጥተውኛል፤ ግን የነሱ ነው። ያን ቀን ነው ኢቻ የገባችኝ። አንተ ወንድሜ፣ ምግቡን ቆጠርክ። ዝም ያለችበትን ቀን ማን ይቁጠርላት?"

የሒሳብ ሠራተኛው "እሱ ሌላ ነው" አለ። ሰው መልስ ሲያጣ "እሱ ሌላ ነው" ይላል።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ቡናቸውን በትንሹ እየጠጡ ነበር። "በጃንሆይ ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ሕንድ ነበሩ" ብለው ጀመሩ። የእሳቸው ዘመን ተማሪ ሁሉ አንድ ሕንድ መምህር አለው። እኒያ መምህር ዓርብ ዓርብ ቁጥሩን ይተዉና ተረት ያወሩላቸው ነበር አሉ። ከተረቶቹ አንዱ የክሪሽናና የሱዳማ ነው።

ሁለቱ በልጅነት ከአንድ መምህር እግር ሥር የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ክሪሽና አድጎ በድዋርካ ነገሠ። ሱዳማ ድሃ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ሲራቡ ሚስቱ "ሂድ፣ ጓደኛህ ንጉሥ አይደል?" አለችው። ባዶ እጅ አይኬድምና የተጠቀጠቀ ሩዝ በእራፊ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ቤተ መንግሥቱ ሲደርስ ክሪሽና ሮጦ አቀፈው፣ በራሱ አልጋ አስቀምጦ እግሩን አጠበው። ሱዳማ ያችን ቋጠሮ አፍሮባት ደበቃት። ክሪሽና ቀማውና ፈታው። አንድ ጭብጥ በላ፣ ጣፈጠው። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል ሚስቱ ሩክሚኒ እጁን ያዘችው።

"ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው!" አለች ባለቡናዋ፣ ጋሼ ሳይጨርሱ።

"እንግዲህ እንደዚያ ነው" አሉ ጋሼ። "ሱዳማ ምንም ሳይለምን አድሮ ተመለሰ። ጎጆው ሲደርስ ጎጆ የለም፤ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ክሪሽና 'ይህን ላደርግልህ ነው' አላለውም። 'አደረግሁልህ' ብሎም ሰው አልላከበትም።"

እኔ እዚህ ላይ ዘልዬ ገባሁ። የድራማው ሰዎች ማቱራን የመረጡት በከንቱ አይመስለኝም። ማቱራ ክሪሽና ተወለደባት የምትባለው ከተማ ናት። የድሃና የሀብታም የልጅነት ጓደኝነት ሲነሳ ሕንድ ሁሉ የሚጠራው ስም በተወለደበት ከተማ፣ ክሪሽና የሌለበት የሱዳማ ታሪክ ነው የሠሩት። ሩዙን የምትበላ እንጂ እግር የምታጥብ ጓደኛ የለችበትም።

የሒሳብ ሠራተኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክሪሽና አምላክ ነው። ወጪ የለበትም።"

ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነው።

"እሺ" አልኩት፣ "ሚስትህ ገና ያልደረሰችበትን ልንገርህ?" ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተናድጃለሁ። በስተመጨረሻ ኢቻ ስትሞት ልቧ የተሰጠው ለማን ነው? ለታፓስያ። በቀዶ ሕክምና። ልባሽ ስትለብስ የኖረችው ልጅ የመጨረሻ ልብሷን፣ ልቧን፣ አውልቃ ለባለ ልባሽዋ ሰጠች። ከዚያም በኋላ ታሪኩ አላለቀም፤ ወደ ልጆቻቸው፣ ወደ ሚቲና ወደ ሙክታ ተሻገረ። በፈረንጆች 2008 መጨረሻ ከለርስ በሚባለው ጣቢያ ተጀምሮ 2015 መጀመሪያ ላይ ነው ያበቃው።

"ታዲያ ይኸው ሒሳቡ ተዘጋ" አለ የሒሳብ ሠራተኛው። "ውለታዋን መለሰች።"

ባለቡናዋ ማማሰያ በእጇ ቢኖር ይወረወር ነበር።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ባትጠይቁኝም፣ ይኸው። በኡትራን ውስጥ ጓደኝነት አልነበረም። ዕዳ ነበር። ኢቻ ታፓስያን ከልቧ ወድዳት ይሆናል፤ ግን መቼ ነው ዕዳዋን ረስታ የወደደቻት? አንድ ቀን እንኳ "አይሆንም" ማለት አልቻለችም። "አይሆንም" የማይባልበት ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ጌታና ሎሌ እንጂ ጓደኛሞች አይባሉም። ታፓስያም ተጎድታለች፣ አልክድም። ስትሰጥ ያደገች ልጅ ሲሰጧት መቀበል አልቻለችም። ይህን ያህል ለታፓስያ ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞ የሕንድ ድራማ አትናቁ። ካሜራው ሦስቴ ቢመላለስም፣ ነጎድጓዱ በጥጋብ ቢያጓራም፣ ዛሬ "ዚ ዓለም" በሚባለው ጣቢያ በአማርኛ ቢያወሩንም፣ የሚያወሩት የኛን ቤት ነው። የሠራተኛ ልጅና የባለቤት ልጅ በአንድ ግቢ ያላደጉበት ሰፈር ንገሩኝ። አንዷ ዩኒፎርሟን ስታወልቅ ሌላዋ የምትለብስበት። "እንደ ልጃችን ናት" የሚሏት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወንበር የማታገኝበት።

አሁን ደግሞ ዘመኑ የባሰ አመጣ። ያኔ የሰጠ ሰው ቢያንስ በር ዘግቶ ነበር የሚሰጠው። ዛሬ አምስት ኪሎ ዱቄት ለመስጠት ሁለት ካሜራ ይቆማል። አሮጊቷን "ወደዚህ ዙሩልን እማማ" ይሏቸዋል። እማማ ይዞራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይመርቃሉ። ዱቄቱ በሳምንት ያልቃል፤ ቪዲዮው አያልቅም። የትምህርት ቤት ጓደኛሞች የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታሉ። መጀመሪያ ሳምንት "ትዝ ይላችኋል?" ነው፣ ሁለተኛው ሳምንት መዋጮ ነው፣ በሦስተኛው ማን ስንት እንዳዋጣ ስም ዝርዝር ይለጠፋል። ያላዋጣው ልጅ "ትዝ ይላችኋል" ማለቱን ያቆማል። አብሮ አደግ ማለት ቀርቶ ኔትወርክ ሆኗል።

እኔ ለምን እንዲህ እንደምቃጠል ልንገራችሁ። የልጅነት ጓደኛዬ ከውጭ ሲመጣ የራሱን ጃኬት አወለቀና ሰጠኝ። ጥሩ ጃኬት ነበር፣ እጅጌው ትንሽ ያጥራል። ደስ ብሎኝ ለበስኩት። ከዚያ በመጣ ቁጥር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ክርኔን ይዞ "ይቺ የኔ ነበረች እኮ፣ አሁንም አለች?" ይላል። በቪዲዮ ሲደውል "ጃኬቷስ?" ይላል። ስለ ልጆቼ ሳይጠይቅ ስለ ጃኬቷ ይጠይቃል። ክፋት የለውም። ለዚህ ነው የሚያናድደው፤ ክፋት ቢኖረው እጣላው ነበር።

ባለፈው ክረምት ጃኬቷን ለሰፈራችን ዘበኛ ሰጠሁ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ያን ቅዳሜ ከቡናው ተነስቼ፣ ሒሳቡን የሒሳብ ሠራተኛው ከፍሎ፣ መክፈሉንም ሁለቴ ነግሮን፣ ወደ ቤቴ ስሄድ ዘበኛው በር ላይ ቆሟል። ለብሷታል። እጅጌዋ እሱ ላይ ልክ ነው።

አፌን ከፍቼ ነበር። "ይቺ ጃኬት…" ልል። የቡናው ጣዕም ገና አፌ ላይ ነበርና ነገሩን ዋጥኩት፣ "እንደምን ዋልክ" ብዬው ገባሁ።